የአትክልትና የአይብ ሾርባ ለቤተሰብ

መግቢያ

በደጋው አካባቢ ላም ያለው ቤተሰብ ወተቱን አጠራቅሞ ይንጣል፤ ቅቤውንም ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። ይሁን እንጂ ቅቤው ሲሸጥ የወተቱ ሀብት ሁሉ አብሮ አይሄድም። ቅቤ በአብዛኛው ስብ ነው። ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን የሚቀረው በአሬራው ውስጥ ነው፤ አሬራው ሲሞቅም በአይቡ ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ቅቤውን ሸጦ አይቡን ለልጆቹ የሚያበላ ቤተሰብ ገንዘቡንም ጤናውንም ያገኛል። አይቡንም ጨምሮ ከሸጠ፣ ወይም ለእንግዳ ብቻ ካስቀመጠ ግን፣ ልጆቹ ከላሟ የሚያገኙት ጥቅም አነስተኛ ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ ከጓሮ አትክልትና ከአይብ የሚዘጋጅ ሾርባ አሠራር እናቀርባለን። ሾርባው በክረምት ብርድ ሰውነትን ያሞቃል፤ ለታመመ ሰው፣ ለሕፃንና ጥርሱ ለደከመ አዛውንት ይስማማል። የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ትምህርቱን ለአባላት ሲያስተላልፉ በተለይ ሁለት ነገሮችን አጥብቀው እንዲያስረዱ እንፈልጋለን። አንደኛው፣ አይቡ ሾርባው ውስጥ ገብቶ መፍላት እንዳለበት ነው። ሁለተኛው፣ ለሕፃን የሚሰጠው መረቁ ሳይሆን ከድስቱ ሥር የሚገኘው ወፍራሙ ክፍል መሆኑ ነው።

የሾርባው ጠቀሜታ

ምግብ እንደ ሥራው በሦስት ይከፈላል፤ እነዚህም ኃይልና ሙቀት ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢና በሽታ ተከላካይ ናቸው። በዚህ ሾርባ ውስጥ ሦስቱም ይገኛሉ።

ሀ. ድንቹና ቅቤው ወይም ዘይቱ ኃይል ይሰጣሉ።

ለ. አይቡ ሰውነትን ይገነባል። ከአሬራ የሚሠራ አይብ ከ100 ግራም ውስጥ 15 ግራም ያህሉ ፕሮቲን ነው። ከዚህ በታች በተመለከተው መጠን ሲሠራ እያንዳንዱ ሰው ከአይቡ ብቻ 7 ግራም ያህል ፕሮቲን ያገኛል፤ ይህም አንድ እንቁላል ከሚሰጠው አያንስም።

ሐ. ካሮት፣ ዱባና ጎመን በሽታን ይከላከላሉ። ሰውነት ከእነዚህ አትክልቶች ቫይታሚን ኤ ያገኛል። ይህ ቫይታሚን ሲጎድል ዳፍንት ይከሰታል፤ ሕፃናትም በቀላሉ ለበሽታ ይጋለጣሉ። ቫይታሚኑ ከሰውነት ጋር እንዲዋሐድ ጥቂት ስብ ያስፈልገዋል። ከአሬራ የተሠራ አይብ ስቡ በቅቤው ስለ ወጣ፣ በሾርባው ላይ ቅቤ ወይም ዘይት መጨመር ለጣዕም ብቻ የሚደረግ አይደለም።

አይቡን ስለ ማዘጋጀት

ወተቱ ረግቶ ተንጦ ቅቤው ከወጣ በኋላ አሬራው በንጹሕ ድስት ተደርጎ በዝግተኛ እሳት ይሞቃል። ሙቀቱ ከ40 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊሆን ይችላል። መለኪያ በሌለበት ቤት አይቡ እየጓጎለ ከአጓቱ መለየት ሲጀምር ድስቱ ከእሳት ይወርድና እንዲቀዘቅዝ ይተዋል። ከዚያም በታጠበና በፀሐይ በደረቀ ነጠላ ጨርቅ ይጠለላል።

ከ8 ሊትር ወተት 1 ኪሎ ግራም ያህል አይብ ይገኛል። በቀን 2 ሊትር ለመናጥ የሚያጠራቅም ቤት በ4 ቀን ይህን ያገኛል ማለት ነው። 1 ኪሎ ግራም አይብ ለ6 ሰው የሚሆን ሾርባ ሦስት ጊዜ ያሠራል።

አስፈላጊ ነገሮች (ለ6 ሰው)

1. ድንች፣ 500 ግራም (መካከለኛ 5 ፍሬ)
2. ካሮት ወይም ዱባ፣ 250 ግራም
3. የአበሻ ጎመን፣ 200 ግራም
4. ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ራስ
5. ነጭ ሽንኩርት፣ የተላጠ 4 ፍሬ
6. ቅቤ ወይም ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ
7. አይብ፣ 300 ግራም (4 የቡና ስኒ ያህል)
8. ውኃ፣ 2 ሊትር
9. አዮዲን ያለው ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ
10. በሶብላ፣ ከተገኘ ጥቂት

አሠራር

1. አትክልቱ ሁሉ ከመከተፉ በፊት በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ከተከተፈ በኋላ ቢታጠብ ወይም ቢዘፈዘፍ ከቫይታሚኖቹ ከፊሉ በውኃው ይጠፋል።

2. ሽንኩርቱ ደቆ ተከትፎ በቅቤው ወይም በዘይቱ ይቁላላል፤ እንዲያር አይተውም።

3. ድንቹና ካሮቱ በትንንሹ ተቆርጠው ይገባሉ። ውኃው ተጨምሮ ድስቱ ይከደናል፤ አትክልቱ እስኪለሰልስ ይቀቀላል። በደጋ አገር ይህ ጊዜ ይወስዳል። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ በአዲስ አበባ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ፣ በደብረ ብርሃን ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ድንቹ ቶሎ አይበስልም። እሳቱን ማብዛት የውኃውን ሙቀት ከዚህ በላይ ከፍ አያደርገውም፤ እንጨት ማባከን ብቻ ይሆናል። የሚረዳው ድንቹን በትንንሹ መቁረጥና ድስቱን መክደን ነው።

4. ድንቹ ሲበስል ከአትክልቱ እኩሌታው እዚያው ድስቱ ውስጥ በማንኪያ ይደፈጠጣል። ሾርባው ያለ ዱቄት የሚወፍረው በዚህ ነው።

5. ጎመኑ ደቆ ተከትፎ ይጨመርና 10 ደቂቃ ያህል ይበስላል።

6. አይቡ በሳሕን ሆኖ ከሾርባው ጥቂት ጥቂት እየተጨመረበት በማንኪያ ይታሻል። የእኛ አይብ በእሳት የሚቀልጥ አይደለም፤ ሳይታሽ ከገባ እንደ ጓጎለ ይቀራል። ለስልሶ እንደ ወፍራም እርጎ ሲሆን ወደ ድስቱ ይገለበጣል።

7. አይቡ ከገባ በኋላ ሾርባው እየተማሰለ 5 ደቂቃ ይፈላል። ጨውና በሶብላው በመጨረሻ ይጨመራሉ።

አጓቱን መጣል አይገባም። ጎምዛዛ በመሆኑ ግን ድንቹ ሳይበስል ቢገባ ድንቹ እንዳይለሰልስ ያደርገዋል። ስለዚህ ጎመኑ በሚገባበት ጊዜ 2 ኩባያ ያህል ቢጨመር ጥሩ ነው።

አይቡ የሚፈላበት ምክንያት

ብዙ ባለሙያ እናቶች አይቡን ሾርባው ከወረደ በኋላ መነስነስ ይወዱ ይሆናል፤ ጣዕሙም መልካም ነው። ነገር ግን አይብ የሚሠራበት ሙቀት ዝቅተኛ ስለሆነ በጥሬ ወተት ውስጥ ያሉትን ተሕዋስያን ሁሉ ይገድላል ተብሎ አይታመንም። ውርጃ የሚያስከትለው የከብት በሽታ፣ ብሩሴሎሲስ፣ እንዲሁም የከብት ነቀርሳ በጥሬ ወተትና ከእርሱ በሚሠሩ ምግቦች ወደ ሰው ይተላለፋሉ። የወተቱ መጎምዘዝም አስተማማኝ መከላከያ አይደለም። የ5 ደቂቃው ፍላት በደጋም ቢሆን እነዚህን ተሕዋስያን ይገድላል። ፅንስ የምታስወርድ ላም ያለው አባል ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ሳይዘገይ ማስታወቅ አለበት።

የተረፈ ሾርባ በዚያው ቀን እንደገና ፈልቶ ይበላል።

ለሕፃናት ሲሰጥ

ሕፃን 6 ወር እስኪሞላው ከእናቱ ጡት ሌላ ምግብ አያስፈልገውም። ከ6 ወር ጀምሮ ጡት ሳያቋርጥ ተጨማሪ ምግብ ይሰጠዋል። በዚህ ጊዜ የሚታየው ስሕተት ኃይሉ ያለው መረቁ ላይ ነው ብሎ ቀጭኑን ማጠጣት ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለሆነ በውኃ ቶሎ ይሞላል፤ ልጁ ጠግቦ ሳለ ይከሳል። ስለዚህ ጨው ከመጨመሩ በፊት ከድስቱ ሥር ድንቹ፣ ካሮቱ፣ ጎመኑና አይቡ በአንድነት ይወጣና ይደፈጠጣል። ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ቶሎ የማይፈስ ከሆነ ውፍረቱ ትክክል ነው።

በጾም ወራት

ጾም በሚጾምበት ቤት በአይቡ ፈንታ 2 የቡና ስኒ የምስር ክክ ከድንቹ ጋር ይቀቀላል፤ በቅቤው ፈንታ ዘይት ይደረጋል። ትንንሽ ሕፃናት ግን ጾም የለባቸውም። ብዙ እናቶች ለሕፃኑ አይብ የማይሠሩት ዕቃው የፍስክ እንዳይነካው በመስጋት ነው። ለዚህ የሚበጀው ለሕፃኑ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለብቻ ማኖር ነው። የልማት ሠራተኛው የአካባቢውን ካህን አስቀድሞ አነጋግሮ በትምህርቱ ላይ እንዲገኙ ቢጋብዝ ምክሩ ይበልጥ ይሰማል።

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

ትምህርቱ በቃል ብቻ ከሚሰጥ በሠርቶ ማሳያ ቢቀርብ ይመረጣል። ለአንድ ሠርቶ ማሳያ ከ15 እስከ 20 ሰው ይበቃል። ወተቱ ይናጥ፣ አይቡስ ይሸጥ የሚለውን ባልና ሚስት በጋራ የሚወስኑት ስለሆነ አባወራዎችም እንዲገኙ ያስፈልጋል። አትክልቱን አባላቱ ከየጓሯቸው ያምጡ፤ የሌለው በዚያው ቀን ዘር የሚያገኝበት መንገድ ይመቻች። በመጨረሻ ሾርባው በሁለት ሳሕን፣ አንዱ መረቁ ብቻ፣ ሌላው ከሥር የወጣው ወፍራሙ፣ ጎን ለጎን ይቅረብና የትኛው ለሕፃን እንደሚሰጥ ተሳታፊዎቹ ራሳቸው ይመልሱ።

ወተት ሰብስቦ ቅቤ የሚያወጣ የኅብረት ሥራ ማኅበር አሬራውን ለአባላቱ ቤት የሚመለስ ሀብት አድርጎ ሊቆጥረው ይገባል። በየሳምንቱ ለእያንዳንዱ ሕፃን ላለበት ቤት 300 ግራም አይብ ቢመደብ ከላይ የተገለጸው ሾርባ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ከገበታው አይጠፋም።