ላልመጣ ሰው የሚደረግ ጨዋነት

አራት ኪሎ አጠገብ ወዳለው መንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የሚገባ ምእመን ደጁ ላይ ጫማውን ያወልቃል። ማንም ቆሞ አያዘውም፤ በልጅነቱ እናቱን ተከትሎ ሲገባ ለምዶታል። ለታላቅ ብድግ ማለትን፣ በሁለት እጅ መቀበልን፣ ማዕድ ሳይቀርብ እጅ መታጠብንም እንዲሁ ከቤቱ ተምሯል። ለትምህርት ባሕር የሚሻገር ልጃችን እንግዲህ ያለ ስንቅ አይሄድም። ታዲያ የተማሪዎች መኖሪያ በገባ ሰሞን የጋራው ማድ ቤት ግድግዳ ላይ “እባክህ ድስትህን እጠብ” የሚል ወረቀት የሚለጠፍበት ለምንድን ነው?

የእኛ ጨዋነት አብዛኛው ፊታችን ላለ፣ ዕድሜውንና ማዕረጉን ለምናውቀው ሰው የሚሰጥ ነው። ሰውየው ሲገባ እንነሣለን፣ ወንበር እንለቃለን፣ “ኖር” እንላለን። የጋራ ማድ ቤት ሥርዓት ግን ገና ላልመጣ ሰው ነው፤ ከእኛ በኋላ ያንኑ ምድጃ ለሚለኩስ፣ ምናልባትም መልኩን አይተነው ለማናውቅ ጎረቤት። እሱን ማክበር የሚቻለው ምድጃውን ወልውሎ በመሄድ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ልጁ፣ በተለይ ወንድ ከሆነ፣ የበላበትን ሳህን እህቱ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ስታነሣለት አድጓል። ንጹሕ ቤት ያውቃል፤ ቤት ማጽዳት ግን አያውቅም። ባለጌ ነው ማለት አይደለም፤ እጁ አልለመደም።

ለትምህርት ባሕር ከተሻገሩት አንዱ፣ በዚያው በሥላሴ ካቴድራል ግቢ ያረፉት ሠዓሊው ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1947 ወደ እንግሊዝ የተላኩት ማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ነበር፤ ሥዕል በኋላ መጣ። ሊሄዱ ሲሉ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሰጧቸውን ምክር ሲያነሡ ይሰማ ነበር፦ ስትመለሱ የሕንፃውን ቁመትና የጎዳናውን ስፋት አትንገሩን፣ አገር የሚሠራ ሙያና አስተሳሰብ ይዛችሁ ኑ የሚል። ምክሩ ለእኛም ጉዳይ ይሠራል። “መንገዳቸው ሲያምር!” ከማለት መንገዱ በምን ዘዴ እንዳማረ መመርመር ይጠቅማል።

ጀርመን ለምሳሌ ሁሉንም ነገር ለሰዎች ጨዋነት አልተወችውም። ከ2003 (እ.አ.አ.) ጀምሮ በአብዛኛው የፕላስቲክ ጠርሙስና ቆርቆሮ መጠጥ ላይ 25 የዩሮ ሳንቲም መያዣ ይከፈላል፤ ባዶውን ሱፐርማርኬት ላለው ማሽን የሰጠ ገንዘቡን ይቀበላል። አንዱ የጣለውን ሌላው ያነሣዋል፤ ጥቅም አለበትና። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ከሱቅ ለስላሳ ስንወስድ ለጠርሙሱ መያዣ እንተው የለ?

ጃፓን ዘንድ ደግሞ ተማሪዎች መጥረጊያና መወልወያ ይዘው ክፍላቸውንና ኮሪደራቸውን ያጸዳሉ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን”ን ከጻፉ ወዲህ ዓይናችን ከዚያች አገር ርቆ አያውቅም። ካይዘን የተባለውን የጃፓን አሠራር እንዲያስፋፋ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ይኸው የጽዳት ልማድ በፋብሪካዎቻችን ተስፋፋ፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ ተብሎ። የማይፈለገው ይለያል፤ የሚፈለገው የታወቀ ቦታ ያገኛል፤ መፍቻ ፍለጋ ሰዓት አይባክንም። እዚህም የሚከበረው ያልመጣ ሰው ነው፤ ማታ ተረኛ ሆኖ የሚገባው ሠራተኛ መፍቻውን ማንንም ሳይጠይቅ ያገኘዋል።

ከአምስቱ ከባዱ፣ እንደኔ፣ ማዝለቁ ነው። ተምሮ የተመለሰው ልጅ በልቶ ሳህኑን ሊያጥብ ሲነሣ እናቱ “ኧረ እኔ እያለሁ! ምን በወጣህ!” ብላ ከእጁ ትነጥቀዋለች። በፍቅር ነው የምታደርገው፤ ከሳምንት በኋላ ግን ልጁ ወደ ጥንቱ ተመልሷል። እህቱም ወደ ጥንት ሥራዋ።

ስለዚህ ትምህርቱ ከመሄድ በፊት ቢጀመር ይሻላል። ቪዛ በሚጠበቅባቸው ወራት ልጁ ድስት ይጠብ፣ መታጠቢያ ቤት ይፈትግ፣ ሸሚዙን ይተኩስ፣ ከተጠቀመበት በኋላ ምጣዱን አሰስ ያድርግ። ያን ሰሞን እህቱ ቁጭ ብላ ታጥና።