ፈቃዱን አይተናል፤ ሰውየውን ማን አየው?



ባለፈው ክረምት ለዘመድ ለቅሶ ነቀምት ሄጄ ነበር። የአባቴ ዘመድ የሆኑ አንዲት አዴ ሰው እስኪበተን ጠብቀው ወደ ጓዳ ጠሩኝና፣ «ኢልማ ኮ፣ አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ? እስቲ ይህን ወረቀት እየው» ብለው ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ትኬት ፈቱልኝ። የልጃቸው ነው። ልጁ በእግር ኳስ ውርርድ አሸነፍኩ ብሎ በማግስቱ ብሩን ሊቀበል ቢሄድ ቤቱ ተዘግቷል፤ ሰሌዳው ተነቅሏል፤ ካሸሩም ስልክ አያነሳም። ለውርርዱ ያዋለው ደግሞ የእናቱን የሱቅ ገንዘብ ነበር።

«ለምን አላመለከታችሁም?» አልኳቸው።

«ሐጂዎቹ ቢሰሙስ? ደግሞ ገንዘቡ ሐራም ነው። ምን ብዬ ነው የምከስ?»

መልስ አጣሁ። በማግስቱ እዚያው ከተማ ወደ ሌላ የውርርድ ቤት ገባሁ። ፈቃዱ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ እንደማይሸጥ የሚናገር ጽሑፍም አለ፤ ከጽሑፉ ሥር የተቀመጡት ልጆች ግን ጢም ገና አላበቀሉም። ካሸሩን «ባለቤቱ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኛ ወኪል ነን፤ ባለቤቱን አይቼው አላውቅም» አለኝ።

የዚህ ጽሑፍ ነገር እዚህ ላይ ነው። ቁማር በእስልምና ሐራም መሆኑን ለእናንተ ላስተምር አልተነሳሁም። ነገር ግን መንግሥት ፈቅዶ ያቋቋመው ንግድ በየሰፈራችን እስካለ ድረስ፣ የሚያካሂደው ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ ሥራውን ማጽደቅ ነውን? አይመስለኝም።

የሚገርመው፣ ይህ ጥያቄ በሌላው ዓለም ሥር የሰደደው በፈረስ እሽቅድምድም ዙሪያ ነው። ለወለጋ ሰው ፈረስ እንግዳ አይደለም፤ የሆሮ ጉዱሩ ፈረስ በአገራችን ከሚታወቁት የፈረስ ዝርያዎች አንዱ ነው። ለሙስሊምም እንግዳ አይደለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ፈረስ ያሽቀዳድሙ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል፤ ለተገሩት ፈረሶች ረጅሙን መንገድ፣ ላልተገሩት አጭሩን ወስነው ነበር። ዑለሞች የለዩት ሽልማቱን ነው። ሽልማቱን ሌላ ሰው ቢያቀርበው ችግር የለበትም፤ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ገንዘብ አስይዘው አሸናፊው ጠቅልሎ ቢወስደው ግን አብዛኞቹ ቁማር ነው ብለዋል። ከዳር ቆሞ በሰው ፈረስ ገንዘብ የሚያስይዘውማ ምን ይባላል?

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። በብሪታንያ የፈረስ ውርርድ ለዘመናት በየመንገዱ በድብቅ ሲካሄድ ኖረ። በ1960 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የውርርድ ሱቅ ሲፈቀድ፣ ፈቃድ ጠያቂው በዳኞች ፊት ቀርቦ «ለሥራው የተገባ ሰው ነው ወይ?» ተብሎ እንዲመረመር ተደረገ። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ደግሞ ይህን ሥራ ለአንድ ኮሚሽን ሰጠ። ኮሚሽኑ የጠያቂውን ማንነት፣ ገንዘቡን፣ ታማኝነቱን፣ ችሎታውንና የወንጀል ታሪኩን ይመረምራል። ድርጅቱን ብቻ ሳይሆን በኃላፊነት ቦታ የሚቀመጡትንም ሰዎች በስማቸው ይፈትሻል። በአሜሪካ የኔቫዳ ግዛት ደግሞ የተገባ ሰው መሆኑን የማስረዳት ሸክሙ በአመልካቹ ላይ ነው፤ መንግሥት ጥፋቱን እስኪያገኝ አይጠበቅም።

ከእነዚህ ሁሉ ለኛ የሚበልጡት ማንነትና ገንዘብ ናቸው። ማንነት ሲባል በወረቀቱ ላይ ያለው ስም አይደለም፤ ትርፉ በመጨረሻ የማን ኪስ ይገባል? ማለት ነው። ገንዘብ ሲባል ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛው ሥራው የተጀመረበት ብር ከየት መጣ? የሚለው ነው፤ የቆሸሸ ገንዘብ ያለው ሰው «በውርርድ ያገኘሁት ነው» ከማለት የቀለለ ምን ማጠቢያ ያገኛል? ሁለተኛው ቤቱ የሸጠውን ትኬት ሊከፍል የሚችል ተቀማጭ አለው ወይ? የሚለው ነው። የአዴ ልጅ የወደቀው በዚህኛው ነው።

ይህ ዓይነት ምርመራ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ብዙዎቻችን አክሲዮን ገዝተናል። ማንም ዲን ያለው ሰው ነኝ በማለት ብቻ የባንክ ቦርድ ውስጥ አይቀመጥም፤ የባንክ ሥራ አዋጅ የባንክ ዳይሬክተሮችና ሥራ አስፈጻሚዎች ለቦታው ብቁና ተገቢ መሆናቸውን ብሔራዊ ባንክ እንዲያረጋግጥ ያዝዛል። የሐላል ገንዘብ ጠባቂ እንዲህ ከተመረመረ፣ የሕፃናትን ሳንቲም የሚሰበስበው ለምን ከዚህ ያነሰ ይመርመር?

ብሔራዊ ሎተሪ ከተቋቋመበት ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕዝቡ የሚያውቀው ባለቤቱ መንግሥት የሆነውን ዕጣ ነበር። ዕጣው ቢዘገይ ማንን እንደምንጠይቅ እናውቃለን። የግል የስፖርት ውርርድ ሲመጣ ግን ባለቤቱ ከዓይናችን ራቀ። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የውርርድ ቤቶች በጅምላ ሲዘጉ ደስ ያለን ብዙዎች ነን፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። ነገር ግን ቤት ሲዘጋ ሰውየው አብሮ አይዘጋም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ገንዘብ በእጅ ስልክ ይሄዳል፤ ለአወራራጁ ጣሪያና ግድግዳ የግድ አይደለም። ጊምቢ ላይ ያለ ልጅ ከአልጋው ሳይነሳ ይወራረዳል። ስለዚህ መመርመር ያለበት ከበሩ ይልቅ ሰውየው ነው።

አንድ የሚያስከፋ ነገርም ልናገር። ለእነዚህ ቤቶች ሱቅ ከሚያከራዩት መካከል የኛው ሰዎች አሉ። ኪራዩ ከሌላው ተከራይ ስለሚበልጥ «እኔ ቤት ነው ያከራየሁት» ይላሉ። ጁሙዓ ላይ ግን ስለ ወጣቶች መበላሸት ከማንም በላይ የሚያማርሩት እነሱ ናቸው። ቢያንስ ተከራያቸው ማን እንደሆነ ያውቁ ይሆን?

ለሌባ አወራራጅ ከኛ ዝምታ የተሻለ ጠበቃ የለውም። ሙስሊም ደንበኛው አፍሮ እንደማይከስ ያውቃል። የአሸናፊነቱን ብር አለመፈለግ ይገባል፤ እሱን አልከራከርም። ነገር ግን ፈቃድ ይዞ ሰው አታሎ የጠፋ ሰው ነገ ደምቢ ዶሎ ወይም ሻምቡ ላይ በሌላ ስም ፈቃድ እንዳያገኝ ማመልከት ከሐራሙ ጋር መተባበር አይደለም፤ በደልን መከልከል ነው።

ከነቀምት ከመመለሴ በፊት ለአዴ ማመልከቻ ጻፍኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። የብሩ መጠን ያለበት መስመር ላይ ሲደርሱ አስቆሙኝና፣ «ይህን ሰርዘው፤ ሰውየውን ብቻ ጠይቅ» አሉኝ። ሰርዤ እንደገና ገለበጥኩት፤ አዴም ፈረሙበት።