መጀመሪያ የበሬውን ዋጋ ጠይቂ

ቆይ፣ ገና አትላኪው። እስቲ ጠጋ በይልኝና አብረን እናንብበው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ «በወረዳው የንጹሕ ውኃ ሽፋን ከፍተኛ መሻሻል ማሳየቱን የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ገለጹ» ይላል። ሁለተኛው «አያይዘውም» ብሎ ይጀምራል። ሦስተኛው «ኃላፊው አክለውም»። ወደ ታች፣ ወደ ታች ስወርድ፣ ከመጨረሻው አንቀጽ በፊት ሴትየዋን አገኘኋት። ቦኖው ከተመረቀ በኋላ ውኃ የመጣው ለአንድ ወር ብቻ እንደሆነ፣ ዛሬም ጀሪካን አዝላ ወንዝ እንደምትወርድ የነገረችሽን ሴትዮ። ሚጣ፣ ዜናው እኮ እሷ ናት። ያን ሁሉ መንገድ የሄድሽው ለእሷ ነው። ኃላፊው ያሉትን እዚሁ ቁጭ ብለሽ በስልክ ታገኚው ነበር።

እየተቆጣሁሽ አይደለም። አጻጻፉን አንቺ እንዳላመጣሽውም አውቃለሁ። እኛ አገር ዜና ሲጻፍ የኖረው እንዲህ ነው፤ «ምን ሆነ» ከሚለው በፊት «ማን ተናገረ» ይቀድማል። ግን ይህ ልማድ ምን እንዳስከፈለን ልንገርሽ። ክፍል ውስጥ ተምረሽው ከሆነም አሁን፣ ይህን ጽሑፍ ፊትሽ አድርገሽ፣ እንደገና ስሚው።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ነገሩ የተደበቀ አልነበረም። በወሎ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ሰው ተኮልኩሎ አውቶቡስና መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። በእግሩ ተጉዞ አዲስ አበባ የደረሰም ነበር፤ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ወራት ቀይ መስቀል ከወሎ የመጡ አንድ ሺህ ያህል ሰዎችን ለመርዳት ይጣጣር ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ ለተማሪው አሳዩ። ሾፌሩ ያውቃል፣ የእህል ነጋዴው ያውቃል፣ ሹሙ ያውቃል። ጋዜጣው ግን የመንግሥት ነው፣ ሳንሱር አለበት፣ እናም አልጻፈም። በጥቅምት 1966 ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የሠራው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየና ዓለም ተንቀሳቀሰ። ያን ጊዜ በወሎ የከፋው ወቅት አልፏል። የሞተው ሰው ብዛት ዛሬም በግምት ነው የሚነገረው፤ 40 ሺህ የሚል አለ፣ 200 ሺህ የሚልም አለ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ያሳምመኛል፤ የቆጠራቸው የለም ማለት ነውና።

ከዚያ የሆነውን ደግሞ ልብ በይ። መስከረም 1 ቀን 1967፣ በእንቁጣጣሽ ምሽት፣ ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። ብዙ ሰው ይህን ሲያወራ «ጋዜጠኝነት መንግሥት ገለበጠ» ይላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። ምስሉ እውነት ነው፤ ግን ሰው ከሞተ በኋላ፣ ሥልጣን ለመያዝ የተዘጋጀ ኃይል በፈለገው ሰዓት፣ እሱ እንዲመቸው ቆርጦ ቀጥሎ ያቀረበው እውነት ነው። ጋዜጠኝነት ቢኖርማ ኖሮ ያ ምስል ከዓመት በላይ ቀድሞ፣ በራሳችን ቋንቋ ይወጣ ነበር፤ ሚኒስትሩም በወንበሩ ሳለ «መቼ ሰማህ? ምን አደረግህ?» ተብሎ ይጠየቅና እህሉ ይጫን ነበር። እኔ ተጠያቂነት የምለው ያንን ነው። ሹም መውረዱ ብቻውን ለተራበ ሰው ምን ይፈይዳል?

ይህን የምለው ያው ደርግ በአሥር ዓመቱ ያደረገውን ስለማውቅ ነው። በመስከረም 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመትና የደርግ ፓርቲ የኢሠፓ ምሥረታ በድምቀት ሲከበር የውጭ ጋዜጠኞች ወደ ሰሜን እንዳይሄዱ ይከለከሉ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን ቆረም ላይ የቀረጹት ታየ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን መላው ዓለም ያውቀዋል። መሐመድ አሚን በ1983 አዲስ አበባ ላይ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ክንዱን አጥቷል፤ በ1989 ደግሞ ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው አውሮፕላናችን ውስጥ ሕይወቱ አልፏል። ውለታው አለብን። ሆኖም ሁለት ጊዜ በተከታታይ፣ የገዛ ወገናችንን ረሃብ የነገረን የውጭ ሰው መሆኑ እኔን እንቅልፍ ይነሳኛል። ቆረም እኮ ከእነሱ ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነበር።

ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በልጅነቱ፣ በ1943 እ.ኤ.አ. የደረሰውን የቤንጋል ረሃብ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። በዚያ ረሃብ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊዮን ሰው እንዳለቀ ይገመታል። የቅኝ ገዢው መንግሥት ነገሩን ሲያድበሰብስ ካልካታ ላይ የሚታተመው ስቴትስማን የተባለ ጋዜጣ፣ በአዘጋጁ በኢያን ስቲቨንስ መሪነት፣ በነሐሴ ወር የሟቾችንና የተራቡትን ፎቶግራፍ በገጹ ላይ ዘረጋው፤ በርዕሰ አንቀጹም ባለሥልጣናቱን ወረደባቸው። ዝምታው የተሰበረው ያኔ ነው። ሴን ኋላ እንዳስረዳው፣ ምርጫ ባለበትና ነጻ ፕሬስ በሚሠራበት አገር ትልቅ ረሃብ አይደርስም፤ መንግሥት ነገ ድምፅ የሚሰጠውን ሕዝብና ዛሬ የሚጽፈውን ጋዜጣ ይፈራልና። ዲሞክራሲ የሚባለውን ነገር በዚህ ነው የምረዳው፤ በወንበር ላይ ያለ ሰው ሕዝቡን እንዲፈራ የሚያደርግ ነገር መኖሩ።

የምነግርሽ ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የኛን ረሃብ ለብቻው መርምሮታል። ያገኘው የሚገርም ነው፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የተጫነ እህል ነበር። ለምን ቢባል፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ዋጋ አያስወድድም፤ ዝም ብሎ ይራባል። እንግዲህ አስቢው፤ በዚያ ወቅት አንድ ዘጋቢ ደሴ ደርሶ የእህል ዋጋ ጠይቆ፣ «ገበያው የተረጋጋ ነው» ብሎ ጽፎ ቢመለስ አልዋሸም። ቁጥሩም ትክክል ነው። የሳተው ጥያቄውን ነው። መጠየቅ የነበረበት የበሬ ዋጋ ነው። ገበሬ የእርሻ በሬውን ገበያ ካወጣ፣ ያውም ሊታረስ ሲል ካወጣው፣ ጎረቤቱም እንዲሁ አውጥቶ የከብት ዋጋ ከወደቀ፣ አንድ በሬ ትናንት ይገዛ የነበረውን እህል ዛሬ ግማሹን እንኳ ካልገዛ፣ ረሃቡ ቤት ገብቷል ማለት ነው። ይህን ደግሞ የወረዳው ኃላፊ በመግለጫ አይነግርሽም። የሚነግርሽ የከብት ተራ ነው፤ ማልደሽ ሂጂና ቁሚ።

አፋሩን ጨምሪበት። የአፋር አርብቶ አደር በበጋ ከብቱን የሚያወርድበት የአዋሽ ዳር ግጦሽ ለጥጥ እርሻ ተሰጥቶበት ነበር። ድርቁ ሲመጣ መሸሻ አጣ፤ ከብቱ አለቀ፣ ሰውም ተከተለ። ጋዜጣ ላይ ቢጻፍ ኖሮ «ዝናብ በመጥፋቱ» ተብሎ ነበር የሚጻፈው። ዝናቡ ጠፍቷል፤ መሬቱን ግን በፊርማው የሰጠ ሰው አለ።

በይ፣ ወዳንቺ ቦኖ እንመለስ። ሴትየዋን ወደ ላይ አውጫትና ከእሷ ጀምሪ፤ ጀሪካኑ ባለ 20 ሊትር ከሆነ ጻፊው፣ ወንዙ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ጻፊው። ስሟን ግን እንዳትጽፊ። «ችግር የለውም፣ ጻፊው» ብላሽ ይሆናል፤ ቢሆንም አንቺ አስቢላት። ምናልባት ሴፍቲኔት ውስጥ ናት፤ ስሟን ከዝርዝሩ የሚያወጣው ሰው ያንቺን ጽሑፍ የሚያነበው ሰው ሊሆን ይችላል። አንቺ ጽፈሽ ትመለሻለሽ፤ እሷ እዚያው ቀሪ ናት። ፎቶውንም ፊቷ ሳይታይ ጀርባዋን አድርጊው፤ የቤቷም በር አይታይ።

ከዚያ ኃላፊውን መልሰሽ ደውይላቸው። ልታጠምጂያቸው አይደለም። ሰው ስለ ራሱ የተባለውን ከጋዜጣ ላይ ማንበብ የለበትም፤ ቀድሞ ሰምቶ መልስ የመስጠት መብት አለው። ደግሞ ምን እንደሚነግሩሽ አታውቂም። ለፓምፑ መለዋወጫ ሦስት ጊዜ ለዞን ጽፈው መልስ ያጡ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። እንደዚያ ከሆነ ጥያቄው ወደ ዞን ይወጣል፣ ከዞን ወደ ክልል ይወጣል፤ አንቺም ተከትለሽው ትወጫለሽ። የታችኛውን ሹም ብቻ መውቀስ ቀላሉ ነገር ነው፤ ብዙ ጊዜም ትክክል አይሆንም። ማን ገነባው፣ በስንት ብር፣ ማን ተረከበው፣ ሲረከብ ይሠራ ነበር ወይ፣ ሲበላሽ መጀመሪያ የተነገረው ለማን ነው? ቀኑን ከእያንዳንዱ አጠገብ ጻፊ። ቀን ያለበት ወረቀት የያዘ ጋዜጠኛን «የተሳሳተ መረጃ ነው» ብሎ ማባረር ይከብዳል።

የኦዲት ሪፖርቱንም አትርሺ። ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያቀርባል፤ ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። ሪፖርቱ በቀረበ ማግስት ሁላችንም «ይህን ያህል ሚሊዮን ብር አልተወራረደም» ብለን እንጽፍና እንረሳዋለን። አንቺ የአምናውንና የዘንድሮውን ጎን ለጎን አስቀምጪ። አምና የተጠቀሰው መሥሪያ ቤት ዘንድሮም በዚያው ጥፋት ከተጠቀሰ፣ ገንዘቡን ትተሽ «አምና ከተነገራቸው በኋላ ምን አደረጉ?» ብለሽ ጀምሪ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ ሥራ አላውቅም።

ስለ ውሎ አበል አንድ ነገር ልበልሽና ልለፈው፤ ከምትዘግቢበት መሥሪያ ቤት አትቀበይ። ትንሽ ናት፣ ሁሉም ይቀበላል፣ የትራንስፖርት ነው ይሉሻል። አትቀበይ። በመኪናቸውም አትሂጂ፤ የሚወስዱሽ የሚሠራው ቦኖ ጋ ነው።

እማዬ ትሰጋለች፤ ስጋቷን አትናቂባት። ከምርጫ 97 በኋላ ስንት አዘጋጅ እንደታሰረ ታስታውሳለች፤ ዛሬም ጋዜጠኛ እንደሚታሰር በየጊዜው ትሰማለች። «አትፍሪ» ልልሽ አልችልም፤ እንደዚያ የሚል ሰው አብሮሽ አይታሰርም። የምልሽ፣ ብቻሽን አትሂጂ፣ የት እንዳለሽ ለአንድ ሰው ንገሪ፣ የሰነዱን ቅጂ ከቢሮ ውጭ አስቀምጪ፣ ያላረጋገጥሽውን አንዲት ቃል እንኳ አታስገቢ። አንድ ስሕተት ካገኙብሽ የቀረው እውነት ሁሉ በእሱ ይጣላል፤ ሴትየዋም አብራ ውሸታም ትባላለች።

ሰነዱን የምትጠይቂበት ደብዳቤ የለኝም አልሽ? እሱን አሁኑኑ እንጻፈው፣ ውሎ ማደር የለበትም። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ሲሉሽ ከርመዋል፣ «ከበላይ ካልተፈቀደ» ሲሉሽም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመፈለግና የማግኘት መብት አለሽ። የመረጃ ነጻነቱ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው፤ ቁጥሩን ደብዳቤው ላይ ጥቀሺው፣ ሲያዩት በቁም ነገር ይይዙታል። የምትጠይቂውን ለይተሽ ጻፊ፤ «ስለ ውኃ ፕሮጀክቱ መረጃ» አትበይ፣ የቦኖውን የውል ስምምነትና የርክክብ ሰነድ፣ ለጥገና የተጻፉትን ደብዳቤዎች ቅጂ በይ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጊና ቁጥሩንና ቀኑን በራስሽ ቅጂ ላይ አስጽፊ። ሕዝብ ግንኙነቱ በ30 ቀን ውስጥ ሊመልስልሽ ይገባል። ካልመለሰ አቤቱታችንን ይዘን እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ እንሄዳለን፤ ያኔ አብሬሽ እመጣለሁ። የዛሬውን ጽሑፍ ግን 30 ቀን አታቆዪው፤ ሴትየዋን ከላይ አድርገሽ፣ የኃላፊውን መልስ አስገብተሽ፣ ሰነዱን መጠየቅሽን በአንድ መስመር ጠቅሰሽ ዛሬ ማታ ይውጣ። ሁለተኛውን ሰነዱ ሲመጣ ትጽፊዋለሽ፤ ካልመጣም አለመምጣቱን ትጽፊዋለሽ። አሁን ስልኩን አንሺ፣ ከሥራ ሰዓት ሳይወጡ ድረሺባቸው፤ እኔ ደብዳቤውን እጀምርልሻለሁ።