የመሬት ሙቀት ሐረር ላይ ስንት ያወጣል?

ለመሆኑ ሙቀት ይነገድበታል? ይህን ጥያቄ ያነሱብኝ ከቶሮንቶ ለዕረፍት የመጡ አንድ የሐረር ተወላጅ ናቸው። ጁጎል ውስጥ በዘመድ ቤት ተቀምጠን ቁቲ እየጠጣን ነበር። ሰውዬው ከግንቡ ውጭ፣ ወደ አወዳይ በሚያወጣው መንገድ በኩል ባላቸው ቦታ ላይ ቤት ሊሠሩ አስበዋል። ቶሮንቶ የሚኖር ጎረቤታቸው ግቢውን አስቆፍሮ፣ ቱቦ ቀብሮ የማሞቂያ ወጪውን ቀንሷል። እርሳቸውም "እኛስ ዘንድ መሬት ጠፍቶ ነው?" ይላሉ። ምክር ከመጠየቃቸው በፊት ጉድጓድ አስቆፍረው ነበር፤ ርዝመቱ 3፣ ስፋቱ 2፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር ነው። በቅድሚያ ዕቃውን እንወቅ።

የፍሪጅዎን ጀርባ ነክተው ከሆነ እንደሚሞቅ ያውቃሉ። ፍሪጅ በውስጡ ካለው ምግብ ሙቀት ወስዶ በጀርባው ወደ ክፍሉ ያወጣል። ሂት ፓምፕ የሚባለው መሣሪያም ያንኑ ይሠራል፤ ልዩነቱ ሙቀቱን የሚወስደው ከመሬት ወይም ከአየር መሆኑ ነው። በተቀበረው የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ውኃ እየዞረ የመሬቱን ሙቀት ይዞ ይመጣል፤ መሣሪያው ያን ለብ ያለ ሙቀት አጠናክሮ ለክፍሉ ወይም ለመታጠቢያው ውኃ ያቀብላል። አንድ እጅ መብራት በልቶ ሦስት፣ ሲቀናው አራት እጅ ሙቀት ይሰጣል።

ይህን ከአልቶ ላንጋኖ ጋር ማምታታት አይገባም። እዚያ ከ2,000 ሜትር በላይ ተቆፍሮ የሚወጣው እንፋሎት ነው፤ በ1991 ዓ.ም. ግድም ሥራ የጀመረው የአገራችን የመጀመሪያ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ 7.3 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተተከለ ነበር። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ያለው የኤረር ፍል ውኃም የስምጥ ሸለቆው ልጅ ነው። ሐረር ግን ከሸለቆው አፋፍ በላይ፣ 1,885 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። የእኛ ወሬ ስለ ተራ አፈር ሙቀት ነው።

አፈር ደግሞ ሁሉም አንድ አይደለም። ጋቢ የሚያሞቀን በጥጡ መሀል በታሰረው አየር ነው። ደረቅ አሸዋም እንዲሁ በቅንጣቶቹ መሀል አየር ስለያዘ ቱቦውን ጋቢ ያለብሰዋል፤ ሙቀት ወደ ቱቦው እንዲደርስ አይፈቅድም። አፈሩ ሲርስ ውኃ የአየሩን ቦታ ይይዝና ሙቀቱ ይተላለፋል። ጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ ከሁሉም ይሻላል። የጀርመን መሐንዲሶች ይሠሩበት በነበረው መመሪያ መሠረት አንድ ሜትር ጉድጓድ በደረቅ አሸዋ ውስጥ ከ25 ዋት በታች፣ በእርጥብ ሸክላ አፈር ከ35 እስከ 50፣ በኖራ ድንጋይ ከ55 እስከ 70፣ በግራናይት ከ65 እስከ 85 ዋት ያስገኛል።

ሒሳቡን እንሥራው። ከመሬት 4,000 ዋት ማውጣት የሚፈልግ ቤት በኖራ ድንጋይ ላይ፣ ሜትሩን በ60 ዋት ብናስበው፣ 67 ሜትር ቁፋሮ ይበቃዋል። በደረቅ አሸዋ፣ ሜትሩን በ20 ዋት ብናስበው፣ 200 ሜትር ይጠይቀዋል። ቁፋሮ ደግሞ የሚከፈለው በሜትር ነው። ቤቱ ያው፣ መሣሪያው ያው፣ የቁፋሮው ሒሳብ ግን ሦስት እጥፍ!

በሐረር ዙሪያ ከሥር ያለው በጣም ያረጀ ግራናይትና መሰሉ ነው፤ በላዩ የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ተነባብሯል። በሰውዬው ጉድጓድ ውስጥ ቀዩ አፈር አንድ ሜትር ሳይሞላ አልቆ ቁፋሮው ድንጋይ ላይ ወጥቷል። ቀጥ ብሎ ወደ ታች ለሚወርድ ጉድጓድ ይህ መልካም ዜና ነው። ወጪ ለመቆጠብ ብሎ አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ባለው ቦይ ቱቦውን አግድም መዘርጋት ለሚፈልግ ግን መርዶ ነው፤ ድንጋዩን በዲጂኖ መፈልፈል አለበት። ቦዩ ሌላም ጣጣ አለው። ሐረር ላይ ሌሊቱ የሚቀዘቅዘው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ አፈሩም የሚደርቀው ያን ጊዜ ነው። ሙቀቱ በሚፈለግበት ወር መሬቱ ጋቢውን ይለብሳል። ስለዚህ አፈሩን በነሐሴ ጭቃው ሳይሆን በጥር አቧራው ማየት ይበጃል፤ ከጉድጓዱ ወለል ጭብጥ አፈር አንስተው ሲጨብጡት የሚበተን ከሆነ ቦዩን ይተዉት። ወደ ሐሮማያ በኩል ባለው ዝቅተኛ ቦታ ዋልካ ያጋጥማል፤ ዋልካ በበጋ ሲሰነጠቅ ቱቦውን ለቆት ይሸሻል። ቦዩንም በገረጋንቲ መሙላት አይገባም፤ ድንጋዩ ቱቦውን ይበሳል፣ በመሀሉም አየር ይቀራል።

ከከርሰ ምድር ውኃ እየቀዱ ሙቀቱን ወስዶ ውኃውን መመለስም ይቻላል፤ ቁፋሮው ያነሰ ስለሆነ ሌላ አገር ይወደዳል። ለሐረር ግን አይታሰብም። ከተማዋን ያጠጣ የነበረው የሐሮማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደርቆ (በቅርብ ዓመታት ውኃ ተመልሶበታል) በኋላ ውኃው ከድሬዳዋ በኩል ካሉት የድሬ ጀራ ጉድጓዶች ይሳብ ጀመር። ድሬዳዋ ያለችው 1,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ነው። ያን ሁሉ አቀበት በፓምፕ የወጣ ውኃ ባለበት ከተማ፣ ውኃን ለሙቀት ብሎ መቅዳት ቀልድ ይሆናል። ግንቡ ውስጥ ያለው ቦታ ደግሞ ከጨዋታው ውጭ ነው። ጁጎል 48 ሔክታር ግድም ላይ የተጨናነቀች፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ከተማ ናት፤ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ አጠገብ ሪግ አቁሞ መሬት ማንቀጥቀጥ የጎረቤትን ቤት መናድ ነው።

ሰውዬው ድንጋዩ ጥሩ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። እኔ ግን ወደ አወዳይ ልወስዳቸው ተገደድኩ። ነጋዴ ከአወዳይ ጫት ገዝቶ ድሬዳዋ የሚያወርደው ቅጠሉን ስለወደደው አይደለም፤ በሁለቱ ገበያ ዋጋ መካከል ልዩነት ስላለ ነው። የሙቀት ንግድም እንዲሁ ነው። ከ10 ሜትር ግድም ዝቅ ሲል የመሬት ሙቀት በጋ ከክረምት አይለዋወጥም፤ ከአካባቢው የዓመቱ አማካይ የአየር ሙቀት ጋር ይቀራረባል። ለቶሮንቶ 10 ዲግሪ ግድም፣ ለሐረር 20 ግድም ነው። ቶሮንቶ ላይ አየሩ ከዜሮ በታች 10 ሲሆን መሬቱ በ20 ዲግሪ ይበልጠዋል። ጎረቤትዬው በቁፋሮ የገዛው ያን 20 ዲግሪ ነው። ሐረር ላይ ሌሊቱ 12 ቢሆን ልዩነቱ 8 ነው፤ እኩለ ቀን ላይ አየሩ 25 ሲደርስ ደግሞ መሬቱ ከአየሩ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱን ከአየር የሚወስድ ሂት ፓምፕ በቀን ካሠሩት፣ ያለ አንድ ሜትር ቁፋሮ የተሻለ ሙቀት ያገኛል ማለት ነው። እንግዲህ ቁፋሮው ምን ገዛ?

በብርም እንየው። ሐረር ቤት ማሞቂያ አያሻውም፤ የሚያስፈልገው የመታጠቢያ ውኃ ነው። በቀን 200 ሊትር ከ20 ወደ 45 ዲግሪ ለማሞቅ 5.8 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ተራው ቦይለር ሁሉንም ከቆጣሪው ይወስዳል፤ ሂት ፓምፕ ሲሶውን። በዓመት 1,400 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ይተርፋል። ለምሳሌ ያህል ኪሎዋቱን በ5 ብር ብናስበው (እርስዎ የራስዎን ቢል አይተው ያስተካክሉት) 7,000 ብር ይሆናል። ቁፋሮው፣ ቱቦውና መሣሪያው አንድ ሚሊዮን ብር ቢፈጅ ገንዘቡ የሚመለሰው ከ140 ዓመት በኋላ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ መሣሪያው አብሮ ይቆማል። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለው የፀሐይ ማሞቂያ በሐረር ፀሐይ ይህን ሥራ በጥቂቱ ወጪ ይሠራዋል።

ቀዝቃዛ ሌሊትና ሞቃት ቀትርን ለማቻቻል ከሆነ ደግሞ መልሱ ያለው የተቀመጥንበት ቤት ውስጥ ነበር። የጌይ ጋር ግድግዳ የድንጋይና የጭቃ ነው፣ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ይወፍራል። እንዲህ ባለ ግድግዳ የቀትሩ ሙቀት ወደ ውስጥ ለመዝለቅ ግማሽ ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ ሲደርስ ሌሊት ሆኗል፣ ብርዱ በሚፈልገው ሰዓት። አዲሱ ቪላ በ20 ሳንቲሜትር ብሎኬትና በባዶ ቆርቆሮ ተሠርቶ ቀን ይጠብሳል፣ ሌሊት ይበርዳል፤ ከዚያ ባለቤቱ ማሽን ፍለጋ ይወጣል። ለግድግዳ ውፍረትና ለኮርኒስ የሚወጣ ገንዘብ ቢል አያስከትልም።

ቴክኖሎጂውን ማጣጣሌ አይደለም። የቶሮንቶው ቤታቸው ካለ እዚያ ያስቆፍሩ፤ ይህ ሁሉ የአፈር ትምህርት ለዚያ ይሆናቸዋል። እኛ አገር ደግሞ ሌሊቱ ውርጭ በሚያወርድበት እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ቦታ፣ ብዙ አልጋ ላለው ድርጅት ሒሳቡን ደግሞ መሥራት አይከፋም።

"ጉድጓዱንስ ምን ላድርገው?" አሉኝ በመጨረሻ። 12 ሜትር ኩብ ነው፤ 12,000 ሊትር ይይዛል። በቀን 200 ሊትር ለሚጠቀም ቤተሰብ፣ ቧንቧው ቢቋረጥ፣ የ60 ቀን ውኃ ነው። የጣሪያው ዝናብ በአሸንዳ እንዲገባበት ሆኖ ውስጡ ቢለሰን ከሂት ፓምፑ በፊት ይደርስላቸዋል። ሰውዬው ቁቲያቸውን ጨልጠው አጠገባቸው ወደ ተቀመጠው የወንድማቸው ልጅ ዞሩና የሲሚንቶ ዋጋ ጠየቁት።