ለፈቃድ አገር ቤት ስንሄድ ማንን እንጠይቅ?

ለፈቃድ አገር ቤት ለመሄድ ስናስብ አስቀድመን የምንጠይቀው በቅርቡ ደርሳ የተመለሰችን እህት ነው። ደንቡ ስለሚለዋወጥ ከዓመታት በፊት የሄደችው አትበቃንም። እኛ ባለንበት አገር የምትሠራም ትሁን፤ የዱባዩ መልስ ለሪያድ አይሆንም። «ኤርፖርት ላይ የትኛውን ወረቀት ጠየቁሽ?» እንበላት።

ሳዑዲ ያለን ሁለቱን ኹሩጅ እንለይ። «ኹሩጅ ወ አውዳ» ሄዶ መመለሻ ነው፤ «ኹሩጅ ኒሃኢ» ግን የመጨረሻ መውጫ ነው። ማዳም «ጨርሻለሁ» ብትልም ዐረብኛ የምታነብ እህት ወረቀቱን ትይልን፤ የመመለሻውን የመጨረሻ ቀንም ትንገረን። ኢሚሬትስ ያለን ደግሞ ከስድስት ወር በላይ ውጭ ከቆየን የመኖሪያ ፈቃዳችን ሊሰረዝ ይችላል።

አውሮፕላን የሚያስመልጠን ግን ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ነው። ትኬቱ ላይ 02:30 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8:30 ነው። በፈረንጅ ቀኑ የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ፣ «ኦገስት 12፣ 02:30» የሚል ትኬት የያዘች ከቤት የምትወጣው ኦገስት 11 ማታ ነው፤ ከምሽቱ 5:30 ኤርፖርት ትድረስ። በ12 ማታ ብትሄድ አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ከገባ ቆይቷል።

የታሸገ የሰው ዕቃም ከፍተን ሳናይ አንቀበል፤ በተለይ ስንመለስ። ጫት በሳዑዲ በሕግ የተከለከለ ነው፣ የሚጠየቀውም ሻንጣውን የያዘው ሰው ነው። የጓደኛችን እናት የላከችው በርበሬ እንኳ ይከፈት። ቅር ቢላቸው በስልክ ይቅርታ እንላቸዋለን።