ገጸ ባሕርይን በግሥ መሣል፦ ጥበበኛው ፌአኖር

አንድ ድርሰት ጸሐፊ የባለታሪኩን ጠባይ ለአንባቢው የሚያስታውቅበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በቅጽል መናገር ነው፤ «እገሌ ትዕቢተኛ ነው» ብሎ ያልፋል። ሁለተኛው ባለታሪኩን ሲሠራና ሲወስን ማሳየት ነው፤ በዚህ ጊዜ ዋናው ሥራ የግሡ ይሆናል። ተማሪዎች በድርሰታቸው የመጀመሪያውን ያዘወትራሉ፤ የሚቀል ስለሆነ ይመስለናል። ለሁለተኛው የሚከተለውን ምሳሌ እንመልከት።

እንግሊዛዊው ደራሲና የቋንቋ ሊቅ ጄ. አር. አር. ቶልኪን በፈጠረው ዓለም ውስጥ ኤልፎች የሚባሉ፣ ሰው የሚመስሉ፣ ነገር ግን እንደ ሰው አርጅተው የማይሞቱ ፍጡራን አሉ። የጥንት ታሪካቸው የሚገኘው ደራሲው ካረፈ ከ4 ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ልጁ አዘጋጅቶ ባሳተመው «ሲልማሪሊዮን» በተባለ መጽሐፍ ነው።

ከኤልፎች መካከል በእጅ ጥበብ ፌአኖርን የሚተካከል አልነበረም። ፊደል ቀርጿል፤ ዕንቁ ሠርቷል። ከሥራዎቹ ሁሉ የላቁት ሲልማሪሎች የተባሉት ሦስቱ ዕንቁዎች ናቸው፤ አገሩን ያበሩ የነበሩትን የሁለት ዛፎች ብርሃን በውስጣቸው አኖረባቸው። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ዕንቁው የእጁ ሥራ ነው፤ ብርሃኑ ግን የእርሱ አይደለም። ዛፎቹን ያበቀለቻቸው ኃያሏ ያቫና ነበረች።

ሜልኮር የተባለው ክፉ ኃይል ዛፎቹን ገደላቸው፤ አገሩም ጨለመ። ያቫና በሲልማሪሎቹ ውስጥ ካለው ብርሃን ጥቂት ብታገኝ ዛፎቹን ልታድናቸው እንደምትችል ተናገረች። ለዚህ ግን ዕንቁዎቹ መሰበር ነበረባቸው። ፌአኖር በጨለማው ውስጥ ቆሞ ብዙ ዐሰበ። በመጨረሻም እንዲህ ያለውን ሥራ ዳግመኛ ሊሠራ እንደማይችል ገልጦ፣ በፈቃዱ እንደማይሰጥ ተናገረ። ወዲያው መርዶ ነጋሪዎች ደረሱ፦ ሜልኮር አባቱን ፊንዌን ገድሎ፣ ዕንቁዎቹን ዘርፎ ሄዷል።

እንግዲህ ፌአኖር እሺ ቢል ኖሮም የሚሰጠው አልነበረውም። ታዲያ ደራሲው እምቢታውን ከመርዶው ለምን አስቀደመው? ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ሞክሩት። መርዶው ቢቀድም ኖሮ በፊታችን የሚቆመው አባቱ የተገደለበት፣ ሀብቱ የተዘረፈበት ሐዘንተኛ ብቻ ነበር። እምቢታው በመቅደሙ ግን በእጁ የሌለውን ነገር ሲነፍግ እናየዋለን። አንድም ቅጽል አላስፈለገም። ደግሞም እናዝንለታለን፤ የደከመበትን ሥራ በገዛ እጁ መስበር የማይከብደው ማን ነው?

የቀረውን ግሦቹን በመደርደር ብቻ መናገር ይቻላል፦ ከሰባት ወንዶች ልጆቹ ጋር ማለ፤ መርከብ የከለከሉትን ወገኖቹን ወጋ፤ ባሕሩን ተሻግሮ መርከቦቹን አቃጠለ፤ በጦርነት ቆስሎ ሞተ። ስሙ «የእሳት መንፈስ» ማለት ነው፤ ሲሞትም ሥጋው ዐመድ ሆነ። ዕንቁዎቹን መልሶ አላገኛቸውም።

መልመጃ፦ በሥራው የሚኮራ አንድ ሸማኔ ወይም አናጢ፣ ከሁሉ አስበልጦ የሚወደውን የእጁን ሥራ ስጥ ተብሎ ሲጠየቅ የሚያሳይ አንድ አንቀጽ ጻፉ። «ኩሩ»፣ «ትዕቢተኛ»፣ «ስስታም» የሚሉት ቅጽሎች በአንቀጹ ውስጥ እንዳይገቡ።