የተረፈው እንዳይባክን
ዲጂታል መሣሪያ፣ ትምህርት እና ለፍጥረት ያለብን ኃላፊነት



ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በአምስት እንጀራና በሁለት ዓሣ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ፥ ደቀ መዛሙርቱ የተረፈውን ቁርስራሽ ሁሉ እንዲሰበስቡ አዘዘ (ዮሐ. 6፥12)። ከጥቂቱ ብዙ ማድረግ ለሚችል አምላክ ቁርስራሽ የሚያስፈልገው ሆኖ አይደለም። ትእዛዙ የተሰጠው ለእኛ ትምህርት እንዲሆን ነው። የእግዚአብሔር ስጦታ በብዛት ስለተገኘ ብቻ ሊባክን አይገባውም።

ይህን መነሻ አድርገን በዚህ እትም የምናጠናው ጥያቄ የሚከተለው ነው። ኮምፒዩተር፣ ታብሌትና የእጅ ስልክ የትምህርት ሥራችን በተፈጥሮ ላይ የሚያሳርፈውን ሸክም ሊያቃልሉ ይችላሉን? ባጭሩ ለመመለስ፥ አዎን ይችላሉ። ይሁን እንጂ መሣሪያው ለብዙዎች የጋራ ሲሆን፣ ዕድሜው በጥገና ሲረዝም፣ በመጨረሻም በአግባቡ ሲወገድ ብቻ ነው።

1. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

እግዚአብሔር ሰውን በገነት ያኖረው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነው (ዘፍ. 2፥15)። ማበጀት ያለ መጠበቅ ብዝበዛ ይሆናል፤ መጠበቅም ያለ ማበጀት ስንፍና ይሆናል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ለጥር 1 ቀን 1990 (እ.ኤ.አ.) የሰላም ቀን ያስተላለፉት መልእክት ከፈጣሪ ጋር የሚኖረን ሰላምና ከፍጥረት ጋር የሚኖረን ሰላም የማይነጣጠሉ መሆናቸውን የሚያስገነዝብ ነበር። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» በተሰኘው መልእክታቸው ተጠቅሞ የመጣልን ልማድ ነቅፈዋል። ለዚህም ከሰጧቸው ምሳሌዎች አንዱ ወረቀት ሲሆን፥ ከሚመረተው አብዛኛው ዳግመኛ ጥቅም ላይ ሳይውል እንደሚጣል አመልክተዋል። ወረቀትን መቆጠብ፣ ዛፍ መትከልና የማያስፈልግ መብራት ማጥፋት ትንንሽ ቢመስሉም የፍቅር ሥራዎች እንደሆኑ አስተምረዋል።

2. ወረቀት የሚጠጣው ውሃ

ወረቀት ከዛፍ እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ ውሃ እንደሚፈጅ ግን የምናስብ ጥቂቶች ነን። በዘርፉ ሊቃውንት ስሌት መሠረት፥ ዛፉ ከሚበቅልበት ጊዜ ጀምሮ አንድ ኤ4 ወረቀት ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ ከ2 እስከ 13 ሊትር ውሃ ይጠይቃል።

አንድ መምህር 60 ልጆች ያስተምራል እንበል። ለእያንዳንዱ ልጅ በዓመት 40 ወረቀት፥ በአንድ ገጽ ብቻ የታተመ፥ ቢያድል 2,400 ወረቀት ይሆናል። ክብደቱ 12 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፥ የተጠቀመበት ውሃ ከ4,800 እስከ 31,200 ሊትር ይደርሳል። ይህም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር በትንሹ 240፥ በብዙው 1,560 ጀሪካን ነው። ውሃ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው የዚህን ክብደት ይረዳዋል።

ውሃው ወረቀቱ ከተሠራበት አገር ደንና ወንዝ የተወሰደ ነው። ሆኖም ፍጥረት የጋራ ቤታችን በመሆኗ፥ ከሌላው ጓዳ የተወሰደውን ስላላየን ብቻ ዕዳ የለብንም ማለት አንችልም። በሁለቱም ገጽ ማተም ብቻውን ወጪውን በግማሽ ይቀንሳል። ለዚህ ደግሞ ምንም አዲስ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም።

3. መሣሪያውም ንጹሕ አይደለም

እንግዲያው ወረቀቱን ትተን ለእያንዳንዱ ልጅ ታብሌት ብንገዛስ? እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮምፒዩተርም ሆነ ታብሌት በዕድሜው ከሚያስከትለው የአየር ብክለት አብዛኛው የሚደርሰው ገና በማዕድን ቁፋሮና በፋብሪካ ሳለ፥ ገዢው ሳይከፍተው ነው። ይህ በተለይ ለእኛ አገር እውነት ነው። የምንጠቀምበት ኤሌክትሪክ በአብዛኛው እንደ ተከዜ ካሉ ግድቦች የሚገኝ የውሃ ኃይል ነው። ከመቀሌ ብዙም ሳይርቅ በአሸጎዳ እ.ኤ.አ. በ2013 የተመረቀው የነፋስ ኃይል ጣቢያም 120 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነበር። በመሆኑም ከኤሌክትሪኩ ይልቅ የሚከብደው መሣሪያውን መሥራትና መጣል ነው። ለ40 ወረቀት ሲባል 60 አዲስ ታብሌት መግዛት ዛፍን ለማዳን ተራራን እንደ መናድ ይቆጠራል።

መጣሉስ? እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ተቋማት ሪፖርት እንደሚያስረዳው፥ በ2022 በዓለም ላይ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ ተጥሏል። ከዚህ ውስጥ በአግባቡ መሰብሰቡና ዳግመኛ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው። በእነዚህ ዕቃዎች ውስጥ እንደ እርሳስ፣ ሜርኩሪና ካድሚየም ያሉ መርዛማ ማዕድናት ይገኛሉ።

የዓይናለምን ነገር የምናነሣውም በዚህ ምክንያት ነው። የመቀሌ ከተማ ሕዝብ ከዓይናለም የከርሰ ምድር ውሃ ጉድጓዶች ለብዙ ዓመታት ሲጠጣ ኖሯል። በመቀሌ ዙሪያ በብዛት የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ደግሞ ስንጥቅ ያለው በመሆኑ፥ ከላይ የፈሰሰው ወደ ታች ሊሰርግ ይችላል። ስለዚህ በዓይናለም ሸለቆ ባትሪ ወይም የተሰበረ ኮምፒዩተር የሚጥል ሰው ቆሻሻውን ከደጁ አራቀ እንጂ ከጎረቤቱ ማሰሮ አላራቀውም። ልጆችን ለማስተማር የገዛነው ዕቃ የልጆችን ውሃ ቢበክል ትምህርታችን በራሱ ላይ ይመሰክራል።

4. ካለፈው የምንማረው

እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» በተባለው ትልቅ ቴሌቪዥን አማካይነት በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ዓላማው በገጠርና በከተማ ላለ ተማሪ እኩል ትምህርት ማዳረስ ነበርና የሚመሰገን ነው። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ያልፋል እንጂ ተማሪውን አይጠብቅም። ዕቃው ሲበላሽም መለዋወጫ ባለመገኘቱ በየግድግዳው ተሰቅሎ የቀረው ጥቂት አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርት እጅግ መራራ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 በትግራይ በተጀመረው ጦርነት የመብራት፣ የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ፤ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2 ቀን 2022 በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው፥ በ2023፥ ብዙ ልጆች ወደ ክፍላቸው መመለስ የጀመሩት። በዚያ ሁሉ ጊዜ በሩቅ አገር ኮምፒዩተር የተቀመጠ ትምህርት እንደሌለ ያህል ነበር። በእጅ ያለ መጽሐፍና በቤት ባለ መሣሪያ የተቀመጠ ጽሑፍ ግን ቀረ። ዘላቂ የሚባለው በክፉ ቀንም የማይከዳ ነው።

በጎ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአየርላንድ የተቋቋመው ካማራ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት፥ በአውሮፓ ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችን እያደሰ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች አዳርሷል። ሊጣል የነበረው ቁርስራሽ ተሰብስቦ ለሌላው እንጀራ ሆነ ማለት ነው።

5. በቁምስናችን ምን እናድርግ?

ሀ) በእጃችን ካለው እንጀምር። አዲስ ከመግዛታችን በፊት በምእመናን ቤት ያለ ሥራ የተቀመጠ ኮምፒዩተርና ስልክ ይሰብሰብ፤ ይጠገን። እንደ ሊኑክስ ያለ ነጻ ሶፍትዌር ያረጀ ኮምፒዩተርን ለተጨማሪ ዓመታት ሊያሠራ ይችላል።

ለ) የጋራ እናድርገው። ኪዊክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ውክፔዲያንና ሌሎች ጽሑፎችን ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። እንደ ራስበሪ ፓይ ባለ ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ በክፍሉ ላሉ ስልኮች በዋይፋይ ያካፍላል። የሚፈጀው ኃይል 5 ዋት ገደማ ቢሆን፥ በቀን አራት ሰዓት ሲሠራ የሚጠቀመው ኤሌክትሪክ አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል በ20 ደቂቃ የሚጠቀመውን ያህል ነው።

ሐ) መጽሐፍን አንናቅ። ለብዙ ዓመታት ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ ከማናቸውም መሣሪያ ያላነሰ ቆጣቢ ነው። በየዓመቱ የሚለዋወጠው ጽሑፍ በመሣሪያ፣ የማይለወጠው በመጽሐፍ ይሁን።

መ) መጨረሻውን አስቀድመን እናስብ። ስለ ኤሌክትሮኒክስ ውዳቂ አያያዝና አወጋገድ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 (እ.ኤ.አ. 2018) አውጥቷል። የማይጠገነውን ዕቃና ያለቀውን ባትሪ ከሌላ ቆሻሻ ለይተን በደረቅ ሥፍራ እናስቀምጥ። አናቃጥል፤ አንቅበር። የአካባቢ ጥበቃን ጉዳይ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤትም መመሪያ እንጠይቅ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን በዓመት ምን ያህል ወረቀት ይታተማል? ምን ያህሉስ ተነብቦ ይጣላል?
2. በየቤታችን ያለ ጥቅም የተቀመጠ ስልክና ኮምፒዩተር ስንት ነው? ሊጠግን የሚችልስ ማን አለ?
3. መብራትና ኢንተርኔት ለአንድ ወር ቢቋረጥ ልጆቻችንን በምን እናስተምራለን?

ደቀ መዛሙርቱ የሰበሰቡት ቁርስራሽ አሥራ ሁለት መሶብ ሞላ። እኛም በየቤቱ የተበተነውን ብንሰበስብ ከምንገምተው በላይ ይበዛልና፥ ጌታ ስጦታውን የሚያከብር ልብና የሚጠብቅ እጅ ይስጠን። አሜን።